በቀቀን ሲነክስ፦ ሥራው ከንክሻው በፊት ነው

በቀቀናችሁ ነክሷችሁ ደም ከፈሰሰ በኋላ የምትሉትና የምታደርጉት ነገር ብዙም ለውጥ አያመጣም። ሥራው ያለው ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ሰከንዶች ውስጥ ነው። ወፉ በዓይኑ፣ በላባው፣ በጅራቱ "ተዉኝ" እያለ እናንተ እጃችሁን ወደ ፊት የምትገፉባት ሰዓት ማለቴ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ወፍ የሚያሳድግ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ወሬው ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው። "መጀመሪያ ጥሩ ነበር፣ አሁን ግን ጠላኝ" ይሉኛል። አልጠላችሁም። ቀስ ብሎ ሲናገር የሚሰማው አጥቶ ጮክ ማለት ተምሯል፣ በቃ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንለይ። መንቁሩ የነካችሁ ሁሉ ንክሻ አይደለም። በቀቀን በመንቁሩ ይወጣል፣ ይይዛል፣ ይፈትሻል። ኬጁን ሲወጣ ልብ ብላችሁ እዩት። መጀመሪያ ሽቦውን በመንቁሩ ይይዛል፣ ከዚያ አንዱን እግር ያነሳል፣ ከዚያ ሌላውን። እጃችሁ ላይ ሲወጣም እንደዚያው ነው፤ ጣታችሁ ይሸከመው እንደሆነ በመንቁሩ ጫን አድርጎ ያየዋል። አዲስ ሰው እዚህ ጋ ይደነግጥና እጁን ይሰበስባል። ወፉም ሚዛኑን ስቶ ይወድቃል ወይም ተንጠልጥሎ ይቀራል። በሚቀጥለው ጊዜ ያ ጣት የማይታመን ስለሆነበት ጠበቅ አድርጎ ይይዘዋል። ይሄኔ ያማል፣ ትጮኻላችሁ፣ ከዚያ ሁለታችሁም መፈራራት ትጀምራላችሁ። አብዛኛው የንክሻ ታሪክ እንዲህ ነው የሚጀምረው፣ ማንም ሳይናደድ።

ስለዚህ እጃችሁን ስትሰጡት አይንቀጥቀጥ። ማቅማማት ካማራችሁ መጀመሪያውኑ አትስጡት።

ከመንከሱ በፊት ምን ያሳያል?

የዓይኑን ብሌን እዩ። ጥቁሩ ክብ ጠበብ ሰፋ፣ ጠበብ ሰፋ ካለ ስሜቱ ከፍ ብሏል። ደስታም ሊሆን ይችላል፣ ንዴትም፤ ስለዚህ በዓይኑ ብቻ አትፍረዱ፣ ከሌላው ሰውነቱ ጋር አያይዙት። ብሌኑ እንዲህ እየሆነ ጅራቱን ከዘረጋ፣ የአንገቱን ላባ ካቆመ፣ ወደ ፊት ካዘነበለና አፉን ከፈት ካደረገ እጃችሁ ባለበት ይቁም። ሌላው ምልክት የዚህ ተቃራኒ ነው። ላባውን ሁሉ ከገላው ጋር ልጥፍ ያደርጋል፣ ቀጥ ይላል፣ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ይሄ ፍርሃት ነው። የፈራ ወፍ መንገድ ካገኘ ይበራል፣ ኬጅ ጥግ ላይ ከተያዘ ግን ወዴት ይሂድ?

ኮካቴል የሚባለው ባለ ቁንጮ በቀቀን ያላችሁ ቁንጮውን ተመልከቱ። ራሱ ላይ ለጥፎት "ሽሽሽ" የሚል ድምፅ ካወጣ ጨዋታው አብቅቷል። ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን ሲፈራ ያጉረመርማል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ሰው ድምፁ ከወፍ የወጣ አይመስለውም። ባጂ የሚባለው ትንሹ በቀቀን ቢነክስም ብዙ አይጎዳም። ላቭበርድ የምትባለውን ትንሽ በቀቀን ግን በቁመቷ እንዳትገምቷት፣ ያቺ ጭብጥ የማትሞላ ነገር ጥፍር ሥር ገብታ እንባ ታስመጣለች።

ምልክቱን ስታዩ ቁሙ፣ እጃችሁን በዝግታ መልሱ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ሞክሩ። ይኼው ነው። አንዳንዱ ሰው "እጄን ከመለስኩማ አሸነፈኝ" ይላል። ይሄ የድሮ ወሬ ነው፣ እኔ በበኩሌ ብዙ ወፍ ያበላሸው ይሄ አስተሳሰብ ይመስለኛል። በቀቀን የቤቱ አለቃ ማን እንደሆነ ሲያሰላ አይውልም። በዓይኑ ብቻ ነግሯችሁ ከተሰማ መንከስ ምን ያደርግለታል? ከራሳችሁ በላይ መቆም የሚወደውም ንግሥና አምሮት አይደለም፤ ወፍ ከፍ ሲል ይረጋጋል። እንዲያም ሆኖ የመንከስ ልማድ ያለውን ወፍ ትከሻችሁ ላይ አታስቀምጡ። እዚያ ሆኖ ምልክቱ አይታያችሁም፣ ጆሯችሁና ዓይናችሁ ደግሞ አጠገቡ ናቸው።

ምን አስነከሰው?

በነከሳችሁ ቁጥር ሦስት ነገር ጻፉ፣ ስልካችሁም ላይ ይሁን። ከመንከሱ በፊት ምን ሆነ? እሱ ምን አደረገ? ከነከሰ በኋላ ምን አገኘ? ሳምንት ሁለት ሳምንት ከጻፋችሁ ነገሩ ራሱ ይናገራል።

ሽምብጥ ሰፈር ያለች አንዲት ጎረቤታችን ላቭበርዷ የሚነክሳት እሁድ እሁድ ብቻ ነበር። በሌላው ቀን ጣቷ ላይ ወጥቶ ሱፍ ይፈለፍላል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ኬጁን ስትከፍት ግን ይጮኻል፣ ያፈገፍጋል፣ ከዚያ ይነክሳል። "አስቀዳሽ አይወድም" ተብሎ ስንት ተቀለደበት። ነገሩ ነጠላው ነበር። ከላዩ የሚወዛወዝ ሰፊ ነጭ ጨርቅ ለወፍ አያምርም፤ ከላይ የሚመጣ ክንፍ ሁሉ ለእሱ መጥፎ ዜና ነው። ነጠላዋን ቀድማ አውልቃ ስትቀርበው ነገሩ ቀረ። በኋላ ደግሞ ነጠላውን አጣጥፋ ራቅ ያለ ወንበር ላይ አኖረችውና ቀን በቀን ትንሽ ትንሽ እያቀረበች፣ ዝም ባለ ቁጥር የለውዝ ፍርፋሪ ትሰጠው ጀመር። አሁን ነጠላው ላይ ቆሞ ጥለቱን ሊበላው ነው፣ ያ ሌላ ችግር ነው።

ኬጁን በረንዳ ላይ የምትሰቅሉ ሰማዩን አስቡ። ጣና ሐይቅ ዳር ሰማዩ ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ ጭልፊት አለ፣ የዓሣ ንስር አለ፣ አባ ኮዳ አለ። እናንተ ወደ ውኃው ስታዩ ወፉ የሚያየው የሚያልፈውን ጥላ ነው። የደነገጠ ወፍ ድንጋጤውን ቅርብ ባገኘው ጣት ላይ ያወርደዋል። የኬጁን ጀርባ ከግድግዳ አስጠጉት፣ ጣራውንና አንዱን ጎን በጨርቅ ሸፍኑት፣ የሚደበቅበት ጥግ ይኑረው። ሌላ ወፍ ወይም የማይወደው ሰው ሲያይም እንዲሁ ነው፤ የተናደደው በሌላ ሆኖ የተነከሳችሁት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

እንቅልፍ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ነው። በቀቀን በየሌሊቱ ከ10 እስከ 12 ሰዓት የሚዘልቅ ጨለማና ጸጥታ ይፈልጋል። በእኛ ሀገር በክረምትና በበጋ የቀኑ ርዝመት ብዙም ስለማይለያይ ተፈጥሮው ራሱ የሚሰጠው ይህንኑ ነው። የሚቀማው ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ ኬጅ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ቴሌቪዥን ይጮኻል፣ ኳስ ካለ ደግሞ እስከ 6 ሰዓት፣ መብራቱ አይጠፋም። ጠዋት ተነጫንጮ ቢነሳ ምን ይገርማል? ሌሊት ከደጅ የሚመጣው ድምፅ ማጉያ በእጃችን አይደለም፣ ማምሻው ግን በእጃችን ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ ጸጥ ወዳለ ክፍል ውሰዱት፣ ኬጁን አየር በሚያስገባ ጨርቅ ሸፍኑት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ግለጡት። አንዳንድ ወፍ በዚህ ብቻ ይለወጣል።

ሌላው ሆርሞን ነው። ሴት ላቭበርድ የልጆቹን ደብተር በቀጭን በቀጭኑ ተልትላ ወረቀቱን ጅራቷ ሥር ባለው ላባ ውስጥ ስትሰካ ካያችኋት ጎጆ ልትሠራ ተነስታለች። ያኔ ኬጇ ውስጥ እጅ ማስገባት ቤቷን መድፈር ነው። ከቡፌው ጀርባ፣ ከሶፋው ሥር፣ መሳቢያ ውስጥ፣ ካርቶን ውስጥ እንዳትገባ ዝጉ፤ ጨለማና ጠባብ ቦታ ካገኘች ይብስባታል። ወረቀቱን ውሰዱ። ስታሻሿትም ራሷንና አንገቷን ብቻ። ጀርባዋን፣ ከክንፏ ሥርና ጅራቷ አካባቢ መደባበስ ለእናንተ ፍቅር ነው፣ ለእሷ ግን ሌላ ግብዣ ነው። ይሄ ለወንዱም ለሌላውም በቀቀን ይሠራል። ወቅቱ ያልፋል፣ እስኪያልፍ ድረስ እጃችሁን አታስገቡ፣ ምግብና ውኃውን ስትቀይሩ ከኬጁ ውጭ በሌላ ነገር አጫውቷት።

ላባ ሲቀይርም ይነጫነጫል። አዲሱ ላባ እንደተሸፈነ ብቅ ሲል ሥሩ ደም ያለበት ስለሆነ ሲነካ ያመዋል። ራሱን እሹኝ ብሎ ዝቅ አድርጎላችሁ ድንገት ቢነክስ ያንን ነክታችሁበት ይሆናል።

ለወራት ሰላማዊ የነበረ ወፍ በአንድ ቀን ተለውጦ መንከስ ከጀመረ ግን ሕመምን አስቀድሙ። ላባውን ነፍቶ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ማለት፣ ሲተነፍስ ጅራቱ ከፍ ዝቅ ማለት፣ የኩሱ ቀለም ወይም ውፍረት መለወጥ፣ መክሳት፣ እነዚህ ሲታዩ ሥልጠናውን ትታችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ሂዱ። ወፍ ሕመሙን ይደብቃል፣ ሲታይ ቆይቷል ማለት ነው። አካባቢያችን ያለው ክሊኒክ አብዛኛው ሥራው ከብት ቢሆንም ዶሮ በብዛት የሚያክም ባለሙያ ጠይቃችሁ ፈልጉ። እግረ መንገዴን፦ ቡና ስታፈሉ ኬጁን ከክፍሉ አውጡት። የከሰሉና የዕጣኑ ጭስ እኛን ቢያስደስተንም የወፍ ሳንባ አይችለውም። የማይጣበቅ መጥበሻ ከልክ በላይ ሲግል የሚወጣው ጭስማ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድለዋል።

ከዱር የተያዘ ከሆነስ?

የዘጌን ጫካ የሚያውቅ ሰው አረንጓዴ ሆነው ራሳቸው ቢጫ የሆነ በቀቀኖች ዛፉ ላይ ሲንጫጩ አይቶ ይሆናል። ቢጫ ግንባር በቀቀን ይባላሉ፣ በዱር የሚገኙት ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ክንፈ ጥቁሩ ላቭበርድም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የትውልድ ሀገር የለውም። ሰው ጫጩቱን ይዞ "ግዙኝ" ቢላችሁ አትግዙ። አንደኛ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው። ሁለተኛ ያ ወፍ ለሰው እጅ አልተወለደም። የእሱ ንክሻ ልማድ ሳይሆን የነፍስ ግቢ ነፍስ ውጪ ትግል ነው፤ በለውዝና በትዕግሥት ይለዝብ ይሆናል እንጂ ቤት ተፈልፍሎ እንዳደገ ወፍ እንዲሆን አትጠብቁ። ሳትገዙት እጃችሁ ከገባ የዱር እንስሳት ጉዳይን የሚመለከተውን ቢሮ አማክሩ።

ከእጅ ጋር ማስታረቅ

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ወፉ ከምንም በላይ የሚወደውን አንድ ነገር እወቁ። ሱፍ፣ ኑግ፣ ለውዝ፣ የማንጎ ቁራጭ ቀላቅላችሁ አስቀምጡና ቀድሞ የሚያነሳውን እዩ። ያንን ከዕለት ምግቡ አውጡት። ከእንግዲህ የሚያገኘው ከእናንተ እጅ በጉርሻ ብቻ ነው። ጉርሻው ደግሞ ትንሽ ይሁን፣ አንድ ለውዝ ተሰባብሮ ለብዙ ጊዜ ይበቃል። ለውዙ ጨው የሌለው፣ ያልሻገተ ይሁን። አቮካዶ ግን በፍጹም! እዚህ አቮካዶ የሌለበት ቤት የለም፣ ከስፕሪሱ ላይ "ትንሽ ቢቀምስ ምን አለበት" የሚል ሰውም አይጠፋም። ለወፍ መርዝ ነው፣ ልቡን ይጎዳዋል። ቡናና ቸኮላታም እንዲሁ።

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት እጃችሁን ኬጅ ውስጥ አታስገቡ። አጠገቡ ወንበር አድርጋችሁ ተቀመጡ፣ ስልካችሁን እዩ፣ ቀስ ብላችሁ አውሩ። ትኩር ብላችሁ አትዩት፣ ትኩር የሚል ዓይን የአዳኝ ዓይን ነው። ሲረጋጋ ጉርሻውን በሽቦው መካከል አቀብሉት። ጣት የሚነጭ ከሆነ በረጅም ማንኪያ ስጡት። ከማንኪያው ተረጋግቶ ሲወስድ ማንኪያውን በየጊዜው አጠር አድርጋችሁ ያዙ።

ቀጥሎ እንጨት። አንድ ቀጭን የዘይቱን እንጨት ወይም የማማሰያ እጀታ ይበቃል። ጫፉን ራቅ አድርጋችሁ አሳዩት። ሊመረምረው ቀርቦ በመንቁሩ ሲነካው ወዲያው "ጎበዝ" በሉና ጉርሻ ስጡት። የምትመርጡት ቃል ምንም ይሁን፣ ሁሌ ያው ይሁን፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ያንኑ ይበል። ጥቂት ቀን ስትደጋግሙት እንጨቱ የሄደበት ሁሉ መሄድ ይጀምራል፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ በሩ፣ ከኬጁ ወደ መቆሚያው። ይሄ ቀላል መስሎ ትልቅ ነገር ነው። ሳትገፉት፣ ሳትይዙት፣ ሳትነኩት የፈለጋችሁበት ትወስዱታላችሁ። የሚነክስበት ምክንያት ግማሹ እዚህ ጋ ያልቃል፣ ምክንያቱም በቀቀን የሚጠላው መገደድን ነው።

ከዚያ በኋላ ነው እጅ የሚመጣው። እጃችሁን መቆሚያው አጠገብ አሳርፉ፣ እንጨቱን ከእጃችሁ ወዲያ ማዶ አሳዩት። ወደ እንጨቱ ሊሄድ ሲል አንድ እግሩን እጃችሁ ላይ ያደርጋል። ጉርሻ። ሁለቱንም እግር ሲያወጣ ጉርሻ። በኋላ ጣታችሁን ከእግሮቹ ከፍ፣ ከሆዱ ዝቅ አድርጋችሁ አቅርቡና "ና ውጣ" በሉት። በመንቁሩ ከፈተሸ ይፈትሽ፣ አትሰብስቡት። እንቢ ካለ እሺ በሉት፣ ትንሽ ቆይታችሁ ሞክሩ።

አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ በቀን ሁለት ጊዜ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሳይርበውም ሳይጠግብም። ገና ሳይሰለቸው አቁሙ። ስንት ጊዜ ይወስዳል የሚለው እንደ ወፉ ነው፤ አንዱ በሳምንት ይገባዋል፣ ሌላው ወራት ይፈጃል፣ በተለይ ሰው የመታው ከሆነ። የሚያኝከው ነገርም አይጣ። መንቁር ሥራ ይፈልጋል፣ ሥራ ካልሰጣችሁት በራሱ ይፈልጋል። ከሐይቁ ዳር የሚመጣ ደንገል በደንብ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ደርቆ ቢሰጠው ሲተለትለው ይውላል። የበቆሎ ቆረቆንዳም እንዲሁ፣ እናም ነጻ ነው።

የነከሳችሁ ጊዜ

አትጩኹ። አውቃለሁ፣ ከባድ ነው። ግን ጩኸታችሁና መዝለላችሁ ለአንዳንድ ወፍ የቀኑ ምርጥ ትርኢት ነው፣ ለሌላው ደግሞ ተጨማሪ ፍርሃት። መንቁሩን በጣት መምታት፣ ፊቱ ላይ እፍ ማለት፣ የቆመበትን እጅ እያወዛወዙ ማስደንገጥ፣ ውኃ መርጨት፣ እነዚህ ሁሉ የሚያስተምሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይሄ ሰው አይታመንም። አንቆ ከያዛችሁ እጃችሁን አትንጠቁ፣ ሥጋው የሚቀደደው ያኔ ነው። ይልቅ ወደ እሱ ቀስ ብላችሁ ገፋ አድርጉ፣ ይለቃል። ከዚያ ዝም ብላችሁ ቅርብ ያለው ነገር ላይ አስቀምጡት፣ ወንበርም ይሁን ወለል፣ ጀርባችሁን ስጡት። ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። ለግማሽ ሰዓት ብታኮርፉት ለምን እንዳኮረፋችሁ አያውቅም።

ኬጅ ቅጣት አይሁን። ወፉ የፈለገው ወደ ኬጁ መመለስ ከሆነ ነክሶ ኬጁን አገኘ ማለት ነው፣ ነገም ይደግመዋል። በተቃራኒው ደክሞት እንደሆነ ከምልክቱ ቀድማችሁ ካያችሁ ሳይነክስ መልሱት።

እንግዳ ሲመጣ ደንብ አውጡ። ሰው ገብቶ ሳይቀመጥ ጣቱን ወደ ኬጅ ይሰዳል፣ ልጆች ደግሞ በእንጨት ይነካካሉ፣ "ያወራል? በል ሰላም በል!" ይባላል። ወፉ እንግዶቹ እስኪሄዱ ሌላ ክፍል ቢቆይ ማንም አይቀየምም። ለልጆች ግን አሳዩአቸው እንጂ አትከልክሏቸው። ጅራቱን ዘርግቶ ዓይኑን ሲያጫውት "አሁን ምን እያለ ነው?" ብላችሁ ጠይቋቸው፣ ከአዋቂ ቀድመው ይለዩታል።

ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና በደንብ እጠቡት። ላዩን የተጫረ ብቻ ከሆነ በቂ ነው። ጠልቆ ከገባ፣ ፊት ላይ ወይም የጣት መጋጠሚያ ላይ ከሆነ፣ ካበጠ ወይም ቀልቶ ከሞቀ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ የቴታነስ ክትባታችሁንም አስታውሱ። ብዙ ሰው የሚፈራው የእብድ ውሻ በሽታ ግን ከወፍ አይመጣም፣ የአጥቢ እንስሳት በሽታ ነው። ከበቀቀን የሚመጣው ሌላ ነው፤ ሲታኮሲስ (psittacosis) ይባላል፣ ብዙውን ጊዜ በንክሻ ሳይሆን የደረቀ ኩስ አቧራው ሲተነፈስ ይይዛል። ስለዚህ ኬጁን ስታጸዱ ደረቁን አትጥረጉ፣ በውኃ አርጥቡት፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ደረቅ ሳል ከያዛችሁ ቤት ውስጥ በቀቀን እንዳለ ለሐኪሙ ንገሩት። በአንቲባዮቲክ ይታከማል፣ ግን ካልነገራችሁት ሳል ያለበትን ሰው ወፍ አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ብዙም የለም።